በፍርድ ቤት ደጃፍ ከምንጽፍ ሰዎች፣ ስለ ተዘጋው መስኮት

ይድረስ ለምንሠራበት ምድብ ፍርድ ቤት አስተዳደር ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ለፍቺ ባለጉዳዮች ማብራሪያ ይሰጥ የነበረው መስኮት እንደገና እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

እኛ ከግቢያችሁ በር ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ጃንጥላ ዘርግተን አቤቱታ የምንጽፍ ሰዎች ነን። ዕድሜያችንን ለሌላ ሰው ስንጽፍ ኖረናል፤ «እኔ አመልካች» ብለን የጀመርነው ወረቀት ሁሉ የሌላ ሰው «እኔ» ነበር። ዛሬ በራሳችን ስም የምንጽፈው ከወራት በፊት የወሰናችሁት ውሳኔ የሚያስከትለውን በየቀኑ ጠረጴዛችን ላይ ስለምናየው ነው።

ከሬጅስትራር ክፍል አጠገብ አንዲት መስኮት ነበረች። እዚያ ተራ በተራ የሚቀመጡ ሁለት ሠራተኞች ለፍቺ የመጣን ሰው ምን ማስረጃ ይዞ እንዲቀርብ፣ በማመልከቻው ላይ ምን ምን መጠየቅ እንደሚችል፣ ከማመልከቻው በኋላ ምን እንደሚከተል ይነግሩት ነበር። አሁን መስታወቱ ላይ ባለጉዳይ ጠበቃ እንዲያማክር የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎበታል። መጋረጃውም ተዘግቷል።

የተነገረን ምክንያት ሁለት ነው። አንዱ የሠራተኛ እጥረት ነው። ሌላው የፍርድ ቤት ሠራተኛ ለአንድ ወገን የሕግ ምክር መስጠት የለበትም የሚለው ነው። ሁለተኛውን በልባችን እንቀበለዋለን፤ ፍርድ ቤት ለግራ ቀኙ እኩል ካልሆነ ፍርድ ቤት አይደለም። ነገር ግን ምክር መስጠትና ሕጉ የሚለውን መንገር ይለያያሉ። «ክሰሺው» ማለት ምክር ነው። «ፍቺ ስትጠይቂ የልጆችሽን ቀለብም አብረሽ መጠየቅ ትችያለሽ» ማለት ግን በነጋሪት ጋዜጣ የታተመን ነገር ለማያውቅ ሰው ማንበብ ነው። ለሚስትም ለባልም እኩል ይነበባል።

ደብዳቤው ለጥቅማችን የተጻፈ እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር እንናገር። መስኮቷ ከተዘጋች ወዲህ ገቢያችን ጨምሯል። እዚያ ይጠየቅ የነበረው ሁሉ ወደ እኛ መጥቷል። እኛ ግን የሕግ ባለሙያዎች አይደለንም። ሁለታችን ጡረታ የወጣን የችሎት ጸሐፊዎች ነን፤ አንዷ የሕግ ትምህርቷን በችግር ያቋረጠች ናት፤ የቀረነው የምናውቀውን ያወቅነው የውሳኔ ግልባጭ ደጋግመን በማንበብ ነው። ከመካከላችን በገጽ ስለሚከፈለው ብቻ ነገር የሚያረዝም አለ፤ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ የሚናገርም አለ። ይህንንም አንደብቅም። ትዳሩ እየፈረሰ ያለ ሰው የመጀመሪያውን የሕግ መልስ ከእኛ አፍ መስማት አልነበረበትም።

ከሁሉ አስቀድመን የአንድ አባትን ጉዳይ እንንገራችሁ። ሰውየው ከባለቤቱ ጋር ሳይፋቱ ተለያይተው ይኖራሉ። በትዳር ሳሉ ያፈሩት ቤት በእርሷ ስም የተመዘገበ ነበር። እርሷ ያላገባች መሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ አቅርባ ቤቱን ሸጠችው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት መሸጥን ይከለክላል። በአንቀጽ 69 ደግሞ ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ሆኖም ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። ይህ አባት ሽያጩን በሰማ በአምስተኛው ወር ወደ መስኮታችሁ መጥቶ ነበር። የተለጠፈውን አነበበ፤ ለጠበቃ የሚከፍለው ስላልነበረው ወደ ቤቱ ተመለሰ። የጠየቃቸው ዘመዶቹ ሁሉ ፍቺው ሲወሰን በክፍፍሉ ጊዜ ይታያል አሉት፤ እርሱም አመናቸው። ከእኛ ጠረጴዛ ሲደርስ ስምንተኛው ወር ተጀምሯል። ወሮቹን በጣቱ ሲቆጥር አየነው። ምናልባት በክፍፍሉ ከሽያጩ ገንዘብ ድርሻውን መጠየቅ ይችል ይሆናል፤ ልጆቹ ያደጉበትን ቤት የማስመለሻው በር ግን አንድ ሠራተኛ በሁለት ደቂቃ ልትነግረው ትችል በነበረ ነገር ተዘጋበት። መስኮቱ ክፍት ቢሆን ኖሮ አንድ ወር ሙሉ በእጁ ነበረ።

እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ነው። ባለቤቱ ንብረት ሊሸጥ እንደሆነ የሰማ ሰው ክርክሩ እስኪያልቅ ንብረቱ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ እንደሚችል አያውቅም። «ከተሸጠ በኋላ እከሳለሁ» ይላል። እግድ የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ከእኛ ነው።

ሁለተኛው አቤቱታችን ትዳር ጸንቶም ሆነ ፈርሶ በማይቆጠርበት በመካከለኛው ጊዜ ስለሚደርሰው ጉዳት ነው። እጅግ የሚያሳዝነን ይህ ነው። አንዲት የሁለት ልጆች እናት ማመልከቻዋን ራሷ ጽፋ፣ ራሷ መዝገብ አስከፍታለች። ወረቀቷ ላይ የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ፍቺ ይወሰንልኝ የሚል። ሽማግሌዎች ተመረጡ፣ ቀጠሮ ተለዋወጠ፣ ሌላው ወገን አልቀረበም፣ መጥሪያ በድጋሚ ወጣ። ሰባት ወር አለፈ። በእነዚያ ሰባት ወራት ልጆቿን ይዛ ከአንዱ ዘመድ ቤት ወደ ሌላው ስትዞር አንድም ቀን ቀለብ አልተቆረጠላትም። ወደ እኛ የመጣችው ሌላ ቀጠሮ የሚያስለውጥ ማመልከቻ ለማስጻፍ ነበር። ስለ ቀለብ ለምን እንዳልጠየቀች ስንጠይቃት፣ የሚጠየቀው ፍቺው ከተወሰነ በኋላ መስሏት እንደሆነ ነገረችን።

የአዋጁ አንቀጽ 82 እኮ ተቃራኒውን ነው የሚለው። የፍቺ ጥያቄ የቀረበለት ፍርድ ቤት ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረታቸውም አስተዳደር ተገቢውን ትእዛዝ ወዲያውኑ እንዲሰጥ ያዛል። ከሁለቱ አንዳቸው ከመኖሪያ ቤት መውጣት ካለባቸውም የልጆቹ ጥቅም፣ እንዲሁም በመውጣቱ የበለጠ የሚጎዳው ወገን ሁኔታ መታየት አለበት ይላል። «ወዲያውኑ» የሚለውን ቃል ሕግ አውጪው ያለ ነገር አላስቀመጠውም። በተግባር ግን ያልጠየቀ አያገኝም። ዳኞቻችሁ በቀን የሚያዩትን የመዝገብ ብዛት እናውቃለን፤ በየችሎቱ በር ላይ የሚለጠፈውን ዝርዝር እናነበዋለን። ስለዚህ ዳኛውን አንወቅስም። የምንወቅሰው ባለጉዳዩ ምን መጠየቅ እንዳለበት ሳይነገረው ወደ ዳኛው የሚገባበትን አሠራር ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ በሳምንት ውስጥ ሳንሰማው የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። «ቤቱን ጥዬ ከወጣሁ ድርሻዬን አጣለሁ?» ይላሉ። ይህን ፈርተው በዱላ ሥር የሚኖሩ ሴቶች አሉ። እንደተፈነከቱ መጥተው፣ ማመልከቻውን አስጽፈው፣ ወደዚያው ቤት ለማደር የሚመለሱ አይተናል። ከቤት መውጣት የጋራ ሀብት ድርሻን አያሳጣም። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በትልቅ ፊደል ጽፋችሁ በሩ ላይ ብትለጥፏት የሰው ሕይወት ታድኑ ነበር።

ንብረትን በተመለከተ ሰው ይዞት የሚመጣው እምነት ከሕጉ ጋር ሲነጻጸር ልብ ያደማል። «ካርታው በእሱ ስም ነው፤ እኔ ሥራ አልነበረኝም፤ ምን አለኝ?» የምትል የሃያ ዓመት የቤት እመቤት ስንቷን አስተናገድን? በአንቀጽ 62 መሠረት ባልና ሚስት በትዳር ዘመናቸው በየግል ጥረታቸው ያፈሩት ሁሉ፣ ከግል ንብረታቸው የሚገኘውም ገቢ ጭምር የጋራ ነው። በአንቀጽ 63 መሠረት ደግሞ ንብረቱ በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የማስረዳት ሸክሙ የወደቀው የግሌ ነው በሚለው ላይ ነው። ይህን ያላወቀች ሴት ግን ባልየው «ይህን ወስደሽ ውጪ» ባላት ጥቂት ነገር ተስማምታ ትፈርማለች። የስምምነት ፍቺ የሚባለው አንዳንዴ ይህ ነው፤ አንደኛው ያለውን የማያውቅበት ስምምነት።

በተቃራኒውም የሚጎዳ አለ። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በጋብቻ ውስጥም በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረት በአንቀጽ 57 የግል ሆኖ ይቀራል። አንድ ወጣት ከአባቱ በወረሰው ገንዘብ መኪና ገዛ። በግል ገንዘብ የተገዛ ነገር የግል ሆኖ እንዲቆጠር አንቀጽ 58 ፍርድ ቤት ጠይቆ ማጽደቅን እንደሚፈልግ የነገረው አልነበረም፤ ጉዳዩን ያወቀው በክርክሩ መካከል ነው። ከጋብቻ በፊት ውሉ ተፈርሞ ክፍያው በጋብቻ ውስጥ ስላለቀ ቤት የሚጠይቁንም ብዙ ናቸው። እንዲህ ላሉት መልስ አንሰጥም፤ ጠበቃ ወይም ነጻ የሕግ ድጋፍ እንዲፈልጉ እንነግራቸዋለን። የት እንደሚያገኙት ሲጠይቁን ግን የምናሳያቸው ቦታ የለንም። ያ ዝርዝር የነበረው በመስኮቷ ውስጥ ነው።

ስለ ጥፋትም እንናገር። ብዙ ሰው የትዳር ጓደኛውን በደል ካላረጋገጠ የማይፋታ ይመስለዋል። በቀደመው የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት የሚባል ነገር ነበረ፤ ጥፋተኛ የተባለውም በንብረት ክፍፍሉ ይቀጣ ነበር። ያ ሕግ በሰው አእምሮ ውስጥ አሁንም ጸንቶ አለ። አሁን ያለው ሕግ ፍቺን የሚፈቅደው በሁለቱ ስምምነት ወይም በአንዳቸው ጥያቄ ነው፤ ጥፋት ማረጋገጥን ቅድመ ሁኔታ አላደረገም። የጋራ ሀብትም በመርህ ደረጃ እኩል ይካፈላል። ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ካሳ ሊከፍል የሚችለው ፍትሕ ሲያስገድድ ብቻ መሆኑን አንቀጽ 84 ይናገራል። አንድ ሰው ስለ ሚስቱ አሥራ አንድ ገጽ አስጽፎ ሄዷል፤ ከእኛ አንዱ ጽፎለታል፣ በገጽም ተከፍሎታል። ያ ጽሑፍ በመጥሪያ ተያይዞ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ ያነበበችው የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ናት። በአንድ ገጽ ማለቅ ይችል ነበር። ይህ የእኛም ኃጢአት ነው፤ ነገር ግን መስኮቷ ክፍት በነበረችበት ዘመን ሰውየው እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት እንደማያስፈልገው ይነገረው ነበር።

ልጆችን በሚመለከት ከሁለቱም ወገን የምንሰማው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው። እናቲቱ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በሕግ የእናት ነው ብላ ትተማመናለች። አባትየውም ይህንኑ አምኖ ሳይጠይቅ ይቀራል። ይህም የአሮጌው ሕግ ቅሪት ነው። የአሁኑ አንቀጽ 113 የዕድሜ ገደብ አላስቀመጠም፤ ፍርድ ቤቱ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም አይቶ እንዲወስን ነው የሚያዝዘው። «እሱ ገንዘብ ስላለው ይወስዳቸዋል» ብለው የሚያለቅሱ እናቶች ገቢ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ብቻ መሆኑን ቢያውቁ እንዲያ አይፈሩም ነበር። ውሳኔውም ለዘላለም የተቆለፈ አይደለም፤ ሁኔታ ሲለወጥ እንደገና ሊታይ ይችላል። ሌላው ልጆችን እንደ መያዣ መቁጠር ነው። ቀለብ ካልከፈለ ልጁን አላሳየውም የምትል አለች፤ ልጁን ካላሳየችኝ ቀለብ አልሰጥም የሚል አለ። ሁለቱም መብት የልጁ ነው። አንዱ ሲጣስ ለፍርድ ቤት ማመልከት እንጂ ሌላውን መከልከል መፍትሔ አይደለም። ይህን ከእኛ ሲሰሙ የተቃራኒውን ወገን የያዝን ይመስላቸዋል፤ ከፍርድ ቤት ሠራተኛ ሲሰሙት ግን ይቀበሉታል። ልዩነቱን በዓይናችን አይተናል።

የሽማግሌዎችን ነገር ልናልፈው አንችልም። ከብዙ ዓመት በፊት በሽማግሌዎች ፊት ተፈራርመው የተለያዩ፣ ያንን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው ያቆዩ ሰዎች ይመጣሉ። በ1952ቱ ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች በፍቺ ላይ የመወሰን ሥልጣን ነበራቸው። ከ1992 ወዲህ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን በአንቀጽ 117 የፍርድ ቤት ብቻ ሆኗል፤ ሽማግሌዎች ማስታረቅና የደረሱበትን ለፍርድ ቤት ማሳወቅ ነው የቀራቸው። ሽማግሌ አስታራቂ መሆኑን አንቃወምም፤ በዚህ ደጃፍ ታርቀው እጅ ለእጅ ተያይዘው የተመለሱ ጥንዶችን አይተን ደስ ብሎናል። ነገር ግን አንዲት ሴት በዚያ ወረቀት ተማምና ሌላ ትዳር መሥርታ ሦስት ልጅ ወልዳለች። የቀድሞ ባሏ ወራሾች አሁን ሕጋዊ ሚስት ነሽ አይደለሽም እያሉ ያከራክሯታል። ትዳር በሕግ ሳይፈርስ ሌላ መፈጸም በወንጀል ሕጉ እንደሚያስጠይቅ ስትሰማ የተሰማትን ድንጋጤ ልንገልጸው አንችልም። ለረጅም ዘመን ተለያይተው የኖሩ ሰዎች ትዳራቸው እንደፈረሰ የተቆጠረበት የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔ መኖሩን እናውቃለን። የእርሷ ጉዳይ ከዚያ ጋር ይስማማ እንደሆነ መናገር ግን የእኛ ሥራ አይደለም። ቀድሞ የነገራት ቢኖር አንድ ማመልከቻ ይበቃት ነበር።

ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩም ፍቺ ይወሰንልን ብለው ይመጣሉ። ፍቺ የሚጠየቀው ጋብቻ ሲኖር ነው፤ ቢሆንም ከሦስት ዓመት ያላነሰ እንዲያ አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት በአንቀጽ 102 የጋራ ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ የለም። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ እንዳላቸው፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ደግሞ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ መሆኑንም ብዙ ሰው አያውቅም፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ዘመድ በነገረው ሕግ ይከራከራል።

ገንዘብ የሌለው ሰው ጉዳይ ለብቻው ይነሣ። የንብረት ክፍፍል ሲጠየቅ የዳኝነት ክፍያ አለ። መክፈል ያልቻለ ሰው በደሃ ደንብ እንዲስተናገድ መጠየቅ የሚችል መሆኑ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከተጻፈ ዘመናት ሆኖታል። ባለፈው ወር ብቻ ክፍያውን ሰምተው የተመለሱ ሰዎችን አጥሩ ሥር አስቁመን ስለዚህ መብት ነግረናቸዋል። ከፍርድ ቤት በር ተመልሰው ለወጡ ሰዎች ከበሩ ውጭ በቆምን ሰዎች እየተነገራቸው ነው። ይህ ለእናንተም የሚያኮራ አይደለም።

የመጨረሻው ነገር ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ የሚሆነው ነው። አንዲት ሴት ቀለብ እንዲከፈላት የተወሰነበትን ግልባጭ ሁለት ዓመት ሙሉ በቦርሳዋ ይዛ ዞራለች። ፍርድ ቤቱ ራሱ አስከፍሎ የሚጠራት መስሏት ትጠብቅ ነበር። ፍርድ ሲሰጥ ራሱን እንደማይፈጽም፣ የአፈጻጸም መዝገብ መከፈት እንዳለበት፣ ከዚያም ከባልየው ደመወዝ እንዲቆረጥ ለመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ሊጻፍ እንደሚችል የነገራት የለም። ግልባጩ ላይ የተጻፈው «መዝገቡ ተዘግቷል» የሚል ነበር። እርሷም እንዳነበበችው ተረዳችው። ፍቺው በወሳኝ ኩነት መመዝገብ እንዳለበትም ሰው የሚያውቀው እንደገና ሊያገባ ሲል ወይም ንብረት ሊሸጥ ሲል ነው።

ክቡራን፣ በእነዚህ ጉዳዮች ሁሉ ሕጉ መልስ ነበረው። የጠፋው መልሱን በጊዜው የሚናገር ሰው ነው። ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

መስኮቷ ትከፈት። የሠራተኛ እጥረቱ እውነት ከሆነ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን እንኳ ትከፈት፤ ቀኑ በር ላይ ከተለጠፈ ሰው ያንን ቀን ጠብቆ ይመጣል። ሠራተኛዋ ሕጉ የሚለውን ብቻ እንድትናገር፣ ለሁለቱም ወገን ተመሳሳዩን እንድትናገር በጽሑፍ መመሪያ ስጧት፤ የገለልተኝነት ሥጋታችሁ በዚህ ይቃለላል።

ለፍቺ ማመልከቻ አንድ ቅጽ አዘጋጁ። በቅጹ ላይ የልጆች ቀለብ፣ የልጆች አጠባበቅ፣ የመኖሪያ ቤት፣ የንብረት አስተዳደርና እግድ ተዘርዝረው አመልካቹ የሚፈልገውን ምልክት እንዲያደርግ ይሁን። ይህ ለእኛ የሚቀነስ ገቢ መሆኑን እናውቃለን። ያችን የሁለት ልጆች እናት ከሰባት ወር መንከራተት የሚያድናት እንዲህ ያለ አንድ ወረቀት ነበር።

በቀላል አማርኛና ባለጉዳዩ በሚናገራቸው ሌሎች ቋንቋዎች የተጻፈ አንድ ገጽ ማብራሪያ ይታደል። ማንበብ ለማይችሉት በመጠባበቂያ አዳራሹ ጠዋት ጠዋት ችሎት ከመጀመሩ በፊት ይነበብ። በተለይ ጊዜ የሚያልፍባቸው ነገሮች፣ ያ የስድስት ወር ገደብ ጭምር፣ በጉልህ ይጻፉ።

ከፍርድ ግልባጩ ጋር ፍርዱ እንዴት እንደሚፈጸምና ፍቺው የት እንደሚመዘገብ የሚገልጽ ጥቂት መስመር ይያያዝ።

ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ተቋማት ዝርዝር በበሩ ላይ ይለጠፍ። ጠበቆች በነጻ የማገልገል ግዴታ አለባቸው፤ የሕግ ትምህርት ቤቶችም የነጻ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ያ አገልግሎት ከባለጉዳዩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከፍርድ ቤት በር የተሻለ የለም።

እኛንም ጥሩን። የምንጽፈውን እንዴት መጻፍ እንዳለብን አስተምሩን፤ ሰው የሚያሳስተውን ከመካከላችን ለዩት። ደንብ ብታወጡልን እንገዛለታለን፤ ስማችንንና የምንሠራበትን ቦታ ለመመዝገብም ፈቃደኞች ነን።

መልሳችሁን በጽሑፍም በቃልም ለመቀበል ዝግጁ ነን። ዘወትር በሥራ ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከዋናው በር ውጭ እንገኛለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በፍርድ ቤቱ ደጃፍ የምንሠራ አቤቱታ ጸሐፊዎች

ግልባጭ፦
ለቤተሰብ ችሎት ዳኞች
ለሬጅስትራር ክፍል
በዚህ ደጃፍ ለሚመላለሱ ባለጉዳዮች ሁሉ